ሉባባ ያየችው ብርሃን፦ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

ንጋት፤ ደሴ

ደሴ ገና አልነቃችም። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መናኸሪያው ድረስ ዘልቆ የመኪኖቹን መብራት ቢጫ የጥጥ ኳስ አስመስሎታል። "አቀስታ! መካነ ሰላም!" የሚሉት ረዳቶች ድምፃቸው ይሰማል እንጂ ፊታቸው አይታይም። ቦርሳዬን አቅፌ ድምፃቸውን ተከትዬ ሄድኩ። ግማሽ ልቤ አሁንም አልጋዬ ውስጥ ነበር።

ነርስ ነኝ፤ ስሜ አስቴር ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቼ አሁን ነርሶችን አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎን ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ይህ ጉዞ ለመመረቂያ ጥናቴ ነው። የደጋው እናቶች ስለ እርግዝናና ስለ አደገኛ ምልክቶቹ ምን ያህል ያውቃሉ? ነርሶቹስ ወደ ጤና ጣቢያዎቻቸው የገባውን ታብሌት፣ በስልክ ከሐኪም ጋር መማከርን፣ እነዚህን አዳዲስ ነገሮች በምን ዓይን ነው የሚያዩዋቸው? መጠይቄን አባዝቼ፣ ሹራብ ደርቤ፣ በሶ በጥብጬ ተነሳሁ።

የተሳፈርኩበት ዶልፊን ሚኒባስ ሹፌር ሰይድ ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ጉሙን በመስታወቱ አሻግሮ አየና "ዛሬ ደመና ላይ ነው የምንነዳው፤ ቢስሚላህ በሉ" አለን። ሁላችንም ቢስሚላህ አልን፤ አንገታችን ላይ ማተብ ያሰርነውም ጭምር። ወሎ ውስጥ መንገድ እንዲህ ነው የሚጀመረው።

አጠገቤ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። መስኮቱን የያዙት እማማ ሐዋ ናቸው፤ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ጣቶቻቸው የሙስበሃቸውን ጨሌ መቁጠር የማያቆሙ ሴት። በመካከላችን ያለችው የልጃቸው ሚስት ሉባባ ናት። ሆዷ ገፍቷል። ደሴ ለቅሶ ደርሰው ወደ አገራቸው፣ ወደ ከላላ በኩል እየተመለሱ ነው።

"ስንተኛ ወርሽ ነው?" አልኳት።

"ስምንተኛው ገብቷል።" ፈገግ አለች። ክብ፣ ሙሉ ፊት አላት። "የመጀመሪያዬ ነው።"

መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ይቅርታ ሳትጠይቅ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ደስ አለኝ። እንቅልፍ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር መሆን አለበት፤ እኔም ወዲያው ተከተልኳት።

ረፋድ፤ ጉጉፍቱ

ስነቃ ዓለም የለችም። በግራም በቀኝም ነጭ ነው። መንገዱ ከፊታችን ጥቂት ርምጃ ያህል ይታይና ያልቃል፤ ስንደርስበት ደግሞ እንደገና ይቀጥላል። ጅባራዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ከሩቅ መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ፤ ስንቀርባቸው ተክል ይሆናሉ፤ ስናልፋቸው ተመልሰው ሰው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ እርጥብ በግ፣ ጭሱ ከሳር ክዳኑ ላይ መነሳት አቅቶት የተኛ ጎጆ፣ ሁሉም ለአፍታ ታይቶ ይሰወራል። ክረምቱ ሊወጣ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ማንም ያልነገረው ይመስላል።

እማማ ሐዋ ቆሎ ዘገኑልኝ። "አንቺስ ልጄ፣ ምን ሥራ ይዞሽ ነው ወደዚህ ብርድ?"

ነገርኳቸው። ነፍሰ ጡሮችን ምን ታውቃላችሁ ብዬ ልጠይቅ ነው የምሄደው አልኳቸው።

"እኔንም ጠይቂኛ! ስንቱን ወልጄ ስንቱን አዋልጄ!"

ሳቅሁ። መጠይቁን ሳላወጣ ጠየቅኋቸው፤ "ነፍሰ ጡር ሴት ምን ሲያጋጥማት ነው ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ያለባት?"

"ደም ከፈሰሳት። ምጡ ከጸናባት። ልጁ ሆዷ ውስጥ መንቀሳቀሱን ከተወ።" አንገታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። "ሌላው የአላህ ነው።"

ጥሩ መልስ ነው። ከተማ ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የማይሉኝ ብዙ ናቸው። ሉባባ ዓይኗን እንደጨፈነች ትሰማለች፤ ጉንጯ ላይ ትንሽ ፈገግታ አለ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ላይ ለክትትል ሄዳለች፤ ዝናቡ ሲበረታና የበቅሎው መንገድ ሲጨቀይ ግን ቀርታለች።

ምሳ፤ አቀስታ

አቀስታ ገበያ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ የበግ ቆዳ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባና፣ ጭቃ እንደለበሰ የተከመረ ድንች። የድንች ዋጋ ሰሞኑን ወርዷል ብለው ሻጮቹ ያጉረመርማሉ። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሰዉ ሲነጋገር ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል፤ የሚባለውን ሁሉ ሰማዩ የሚሰበስበው ይመስላል።

ከእነ እማማ ሐዋ ጋር አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ፣ ከዚያ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ። ሉባባ አንድ ጉርሻ ወስዳ ተወችው።

"ምነው?"

"እዚህ ጋ ያመኛል።" ከጡቷ በታች፣ ከሆዷ በላይ ያለውን ቦታ ነካች።

"ልጁ እየገፋት ነው፤ ቦታ ጠቦት" አሉ እማማ ሐዋ፣ ጀርባዋን እያሻሹ። ሉባባ የላስቲክ ጫማዋን ተረከዙን ረግጣ ነው የምትሄደው። ይህንንም አየሁ። ከንጋት ጀምሮ የተቀመጠ ሰው እግሩ ያብጣል ብዬ አሰብኩ፤ እኔም የራሴን ጫማ ማሰሪያ አላልቼ ነበር።

ከሰዓት፤ ከአቀስታ ወዲያ

ሰይድ ቴፑን ዝቅ አድርጎ ከፍቷል፤ መንዙማ ነው። ጠግበን፣ ሞቆን፣ ዝም ብለን እንሄዳለን። ሉባባ በድንገት፣ ሕልም እንደምታወራ ሰው ቀስ ብላ፣ "ያምራል" አለች።

"ምኑ?"

"መብራቱ። ጉሙ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚለው።"

ወደ ውጭ አየሁ። ነጭ ብቻ ነው። ከጎናችን መኪና የለም፣ ቤት የለም።

እማማ ሐዋ ፊታቸው በራ። "ሦስት ቀን ሆናት ልጄ ይህን ብርሃን ካየች። ደሴ ለቅሶ ቤትም አይታዋለች። የልጁ ኑር ነው፤ ሸሁ አያቱ የወጣለት ቁርአን አስተማሪ ነው፣ እሱን ሊመስል ነው።"

አፍታ ያህል እኔም አመንኩ። እውነቴን ነው። እዚያ ጉም ውስጥ፣ ያን ዜማ እየሰማሁ፣ አንድ ያልተወለደ ልጅ ለእናቱ መብራት ማሳየቱ ምንም አልደነቀኝም። ከዚያ ግን ዞሬ ፊቷን አየሁት።

"ሉባባ፣ ራስሽንስ ያምሻል?"

ዓይኗን ጨፈነች።

የእግሯን አጥንት በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

"እማማ፣ ፊቷ ሁልጊዜ እንዲህ ሙሉ ነው?"

"ኧረ እሷስ ቀጭን ናት! ሰሞኑን ነው የወፈረችልን። እንዴት ደስ እንዳለን!"

መጠይቄ ውስጥ ከአደገኛ ምልክቶቹ መካከል ተጽፎ ነበር፤ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የእይታ ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የላይኛው ሆድ ሕመም። ከንጋት ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ነበር።

ለእማማ ሐዋ ነገርኳቸው። በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ የደም ግፊት እንዳለ፣ መብራቱ ከዚያ እንደሚመጣ፣ ዛሬውኑ መታየት እንዳለባት። ሙስበሃቸው ቆመ። መልስ ሳይሰጡኝ ሰይድ ፍሬን ያዘ። "ደርሰናል፤ የከላላ መንገደኞች!"

ከጉሙ ውስጥ በቅሎ ወጣች፤ ከኋላዋ ባና የደረበ ወጣት። የሉባባ ባል ይማም ነው። የደሴውን ዕቃ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። እኔ ቀድሜ ወርጄ የነገርኩትን ሁሉ ለእሱም ደገምኩለት። ግራ ገባው፤ እናቱንና እኔን እያፈራረቀ አየ።

"ይህ ብርሃን ደግ ነገር ነው ብላችሁኝ አልነበረም?" አለ እናቱን።

"ደግ መስሎን ነው" አልኩት እኔ። "እኔም አሁን መስሎኝ ነበር።"

"እህቴ፣ አንቺን ከየት እናውቅሻለን? ቤት ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀን ነው። ነገ ጠዋት አውርጄ ባሳያትስ?"

ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ መለሰ። እጄ ላይ የግፊት መለኪያ እንኳ የለም፤ ያለኝ ወረቀት ነው። እማማ ሐዋ ግን ወደ እኔም ወደ ልጃቸውም አላዩም። የሉባባን አገጭ ይዘው ቀና አደረጉት።

"አንቺስ? ሰውነትሽ ምን ይልሻል? እኛን ተይን።"

ሉባባ እንባዋ መጣ። "ራሴ ሊፈነዳ ነው እማ። ለቅሶ ላይ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

እማማ ሐዋ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ። "ይማም፣ በቅሎዋን ይዘህ ግባ። ለአባትህ ንገርና ተከተለን። ዱዓ አድርጉልን።" ከዚያ ወደ ሰይድ፤ "ንዳ ልጄ።"

ጤና ጣቢያው

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ለነገ ቃለ መጠይቅ የተቀጣጠርኩበት ጤና ጣቢያ አለ። ሲስተር ወይንሸት የምትባል ነርስ ናት የቀጠረችኝ። ስደውልላት ኔትወርክ እምቢ አለ። ሰይድ ከሩቁ ጥሩንባውን እየነፋ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ወይንሸትም ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች እየሮጠች ወጣች። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

ሉባባን ልናወርዳት ስንል ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። መንጋጋዋ ገጠመ፤ እጆቿ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ መላ አካሏ።

"ያ ረቢ! ልክፍት ነው! ጂን ነው የያዘብኝ!" እማማ ሐዋ ጮኹ።

"እማማ" አለች ወይንሸት፣ ሉባባን በግራ ጎኗ እያስተኛች፣ "እርስዎ ዱዓዎን ያድርጉ፣ እኛ መድኃኒቱን እንስጥ። ሁለቱም ይሁንላት።"

ከማዋለጃ ክፍል ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም እጄ ሥራውን አልረሳም። ተሸክመን ወደ ውስጥ አስገባናት፤ እኔ ኦክስጅኑን ያዝኩ፣ ወይንሸት መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን መድኃኒት፣ ማግኒዚየሙን፣ ሰጠች። መንቀጥቀጡ ሲቆም ግፊቷን ለካን። ወይንሸት የመለኪያውን ፊት ወደ እኔ አዞረች፤ ሁለታችንም ቁጥሩን ጮክ ብለን አላነበብንም። ግፊቱን የሚያወርደውንም አስከተልን።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ወይንሸት ስልኳን ልክ እዚያ ላይ አስቀመጠችው፤ በግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ቦታ ላይ ነው። የመካነ ሰላም ሆስፒታል ሐኪም ድምፅ እንደ ዝናብ እየተቆራረጠ መጣ። የሰጠነውን ነገረችው። "ጥሩ ነው። አምጧት፤ ልጁ ዛሬ መወለድ አለበት። እንጠብቃችኋለን።"

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "መኪና አለ አይደል እንዴ" አለ። ዞር ስል ተሳፋሪዎቹ የኋላውን ወንበር አጽድተው ባና አንጥፈውበታል። አንድ የአተር ጆንያ የያዙ አዛውንት ጆንያቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ጋቢና ገብተዋል።

በመንገድ ላይ

ወይንሸት የድንገተኛ ቦርሳዋን ይዛ አብራን መጣች። ሉባባ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ እማማ ሐዋ ራሷን ይዘዋል። ወይንሸት ትንፋሿን ታዳምጣለች፤ በእጇ ጠርዝ የሉባባን ጉልበት መታ ታደርጋለች፤ እግሯ ዘለል ሲል የወይንሸት ፊት ዘና ይላል። መድኃኒቱ እንዳይበዛባት የምናይበት መንገድ ነው።

"ሞቀኝ" አለች ሉባባ በእንቅልፍ ልቧ። ውጭው በረዶ ሊጥል ያሰበ ይመስላል።

"አብሽሪ፣ መድኃኒቱ ነው" አለቻት ወይንሸት፣ መስቀሏን ወደ አንገቷ እየመለሰች።

ጉሙ እየሳሳ መጣ። ከበታቻችን፣ በጣም ከበታቻችን፣ ገደል ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ያረፈበት አረንጓዴ አገር ታየ፤ ደመናው እንደ ኩሬ ውሃ መሐሉ ላይ ተኝቶበታል። እኛ ያለንበትና እዚያ ያለው የአንድ ቀን ሰዓት አይመስልም። ሥራዬን አስታወስኩ።

"ቴክኖሎጂ ግን ትወጃለሽ ወይንሸት?"

በመገረም አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "ጥናትሽን አሁን?"

"ነገ ምን እንደምንሆን አላውቅም።"

አሰበች። "ታብሌቱ ሲመጣ መጀመሪያ ፈራሁት። ሊቆጣጠሩኝ የላኩት መሰለኝ። ቀጥሎ ሰለቸኝ፤ መብራት ሲጠፋ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ መብራት ሲመጣ ያንኑ ደግሜ እጽፋለሁ። ከሁሉ የጠላሁት ግን፣ እናትየዋ እያወራችኝ ዓይኔን ወደ እሱ ሳዞር ወሬዋን ታቆማለች። አዝናም ይሁን አፍራ አላውቅም።" የሉባባን ብርድ ልብስ አስተካከለች። "ስልኩ ግን ሌላ ነው። በፊት እንዲህ ዓይነት ሴት ስትመጣብኝ ብቻዬን ነበርኩ አስቴር። በሩን ዘግቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ። አሁን መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው አንድ ሰው 'እሺ ሲስተር፣ እየሰማሁሽ ነው' ይለኛል። እወዳለሁ በዪ። ታብሌቱንም ቢሆን ምሽት ላይ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ያለ ሰው ቢሰጡኝ አልጠላውም።"

"ይህን እንዳለ ልጻፈው?"

"ስሜን ለውጪና ጻፊው።"

ለውጬዋለሁ።

አመሻሽ፤ መካነ ሰላም

ከተማዋ ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ባሕር ዛፎቿ መካከል ተቀምጣ ጠበቀችን። ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛ ይዘው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ሉባባን ተቀብለዋት ሄዱ፤ ወይንሸትም የሰጠችውን መድኃኒት እየተናገረች ከጎናቸው ተከተለች። በሩ ተዘጋ።

ከእማማ ሐዋ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ጋቢያቸውን አንጥፈው ሰገዱ። እኔ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፌ በልቤ ኪዳነ ምሕረትን ጠራሁ። ሰግደው ሲጨርሱ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው በረዶ ነው።

"ልጄ፣ ደስ ብሎን ነበር እኮ። ፊቷ ሲሞላ፣ ብርሃን ስታይ... ደስ ብሎን ነበር። ታዲያ ሰው ደስታውን እንዴት ይጠረጥራል?"

እጃቸውን በሁለት እጄ አሞቅሁላቸው። ስለ ምልክቶቹ ሌላ ጊዜ፣ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ባሉበት እንዲነግሩልኝ ጠየቅኋቸው። "ለመንደሩ ሁሉ እናገራለሁ" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ "እሷ ትዳንልኝ እንጂ" ብለው አለቀሱ።

ሐኪሙ ሲወጣ ጭንብሉ አንገቱ ላይ ወርዶ ነበር። በቀዶ ሕክምና አዋልደዋታል። ሴት ልጅ ናት፤ በጣም ትንሽ፣ ግን በራሷ ትተነፍሳለች። እናቷ ገና አልነቃችም። "ከአደጋው ወጥታለች ለማለት እስከ ነገ እንይ" አለ። እማማ ሐዋ ተነስተው ትከሻውን ሳሙት።

በማግሥቱ

መካነ ሰላም ጠዋቷ ጥርት ያለ ነው። ጉም የሚባል ነገር ኖሮ የሚያውቅ አይመስልም። ወይንሸት ከሰይድ ጋር ወደ ጤና ጣቢያዋ ልትመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ እጇን አውጥታ "ነገ መጥተሽ የቀረውን ትጠይቂኛለሽ!" አለችኝ። ሰይድ ዶልፊኑን አጥቦታል።

ወደ ዋርዱ፣ ወላዶች ወደተኙበት ክፍል፣ ስገባ ሉባባ ነቅታለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ግን ሰው ያያል።

"ራስሽስ?"

"ቀሎኛል።" ጣሪያውን አየች። "መብራቱም የለም።" ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ያምር ነበር ግን" አለች።

ሉባባ አቅም እስክታገኝ ድረስ ሕፃኗን ያቀፏት እማማ ሐዋ ናቸው። የዋርዱ ነርስ ትናንሽ ሕፃናት በሰው ገላ ሙቀት እንደሚያድጉ አስረድታቸዋለች፤ እሳቸውም ቀሚሳቸውን ከደረታቸው ከፍተው ሕፃኗን ቆዳቸው ላይ አስተኝተው፣ ላዩን በሻሽ ሸፍነው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የምትታየው የሕፃኗ ኮፍያ ብቻ ናት። ዙሪያውን ከወግዲ፣ ከሳይንት፣ ከከላላ የመጡ ወላዶች ተኝተዋል፤ ሁሉም አንገታቸውን ወደ እሳቸው መልሰዋል።

ይማም ረፋድ ላይ ደረሰ። ሌቱን ተጉዞ፣ ጠዋት በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሮ ነው የመጣው፤ ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ነው። መጀመሪያ ሚስቱ ዘንድ ሄዶ ግንባሯን ነካ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። ከዚያ እጁን ታጥቦ እናቱ ፊት ተንበረከከ። እኔን ሲያየኝ ሊናገር ፈልጎ አቃተው፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም እንደዚያው።

እማማ ሐዋ ኮፍያዋን ትንሽ ገለጥ አደረጉለት። ይማም ወደ ቀኝ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ አዲስ ለተወለደ ልጅ የሚባለውን አዛን በሹክሹክታ ይል ጀመር። የእጣቢ ባልዲ ይዛ የገባችው ሴትዮ በሩ ላይ ቆመች። በአንድ እጁ የእናቱን ትከሻ ይዞ እስከ መጨረሻው አለው።

ጨርሶ ቀና ሲል ከሻሹ ሥር አንዲት ቀጭን፣ የድመት ግልገል የምታክል ድምፅ ተሰማች። ሕፃኗ አነጠሰች።

"ይማርሽ!" አሉ ወላዶቹ ሁሉ፣ ከየአልጋቸው፣ በአንድ አፍ።

እሷም ደግማ አነጠሰች።